የባሕር ካርታ አፕ ከመግዛትዎ በፊት ካርታው የማን እንደሆነ ይጠይቁ

የአሜሪካ መንግሥት የተለመደውን የወረቀት የባሕር ካርታ ሰነባብቶታል። ሥራው ረጅም ዕድሜ ነበረው። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን የአገሪቱ የባሕር ዳርቻ እንዲለካ የሚያዝዘውን ሕግ የፈረሙት በ1807 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬው የካርታው ባለቤት ኖአ የሚባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ነው። ኖአ የድሮዎቹን ካርታዎች ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም በ2019 አስታወቀ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ በቋሚነት እየታደሰ የሚወጣው ኤሌክትሮኒክ ካርታው ነው።

ለውጡ ትልልቆቹን የንግድ መርከቦች ብዙም አላስጨነቃቸውም። እነሱ ኤክዲስ የሚባል፣ በዓለም አቀፍ ሕግ የታወቀ የካርታ መሣሪያ አላቸው። ከባሕር ዳር ሠልጥነው በየአገሩ መርከብ ላይ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ሳያዩት አይቀሩም። ነገሩ የመጣው ቅዳሜና እሑድ በሸራ ጀልባ ለሚወጣው ሰው ነው። እሱ ኤክዲስ የለውም። ያለው ታብሌት ነው።

ቀድሞ ካርታ መግዛት ቀላል ነበር። አሳታሚው አንድ፣ የታተመበት ቀን ጥግ ላይ በግልጽ ተጽፏል። አሁን አፕ ስቶር ሲከፍቱ በርካታ አፖች ይደረደራሉ። ሁሉም ሰማያዊ ውኃ፣ ሁሉም ቆንጆ ቀስት ያሳያሉ። ካርታው ከየት እንደመጣና መቼ እንደታደሰ ለማወቅ ግን ሜኑ ውስጥ ገብቶ መቆፈር ያስፈልጋል። የማጣራቱ ሥራ ከመንግሥት ትከሻ ወርዶ ገዢው ላይ ወደቀ ማለት ነው። ገዢው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "የትኛው አፕ ይሻላል?" ብሎ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አፑ ጀበና ነው፤ ቡናው ካርታው ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ሜሪላንድ ያለውን ቼሳፒክ ቤይን ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አናፖሊስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ብዙዎቻችን ክራብ ልንበላ እንጂ ልንቀዝፍ አንሄድም፤ ይሁን። ባሕረ ሰላጤው 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ርዝመቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል። አማካይ ጥልቀቱ ግን 21 ጫማ ብቻ ነው፤ 6 ሜትር ተኩል የማይሞላ። አንድ መካከለኛ የሸራ ጀልባ ከውኃው በታች አምስት ጫማ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ ካርታ ጌጥ አይደለም። ከዳርቻው ትንሽ ጠጋ ካሉ ደለል ላይ ይቀመጣሉ።

የካርታ ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ደግሞ ከባልቲሞር የተሻለ ቦታ የለም። ማርች 26 ቀን 2024 ከሌሊቱ በእኛ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዳሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ምሰሶ መታች። ድልድዩ ወደቀ። ስድስት የመንገድ ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የወደቀው ብረት ሲነሳ፣ ጊዜያዊ መተላለፊያዎች አንድ በአንድ ሲከፈቱ፣ የቦታው ካርታ ደጋግሞ ተቀያየረ። ዋናው መተላለፊያ ወደ ቀድሞው 50 ጫማ ጥልቀትና 700 ጫማ ስፋት የተመለሰው ጁን 10 ላይ ነው። አሁን አንድ ሰው በ2023 ዳውንሎድ ያደረገውን ካርታ ሳያድስ ባልቲሞር ቢገባ፣ ስክሪኑ ላይ የሌለ ድልድይ ያያል። የሌለ ድልድይ ማየቱስ ባልከፋ፤ የሚያስፈራው ያለውን ነገር አለማየት ነው።

ኖአ ኤሌክትሮኒክ ካርታውን በየሳምንቱ ያድሳል። ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል። ይህ የአሜሪካ ልዩ ዕድል ነው ማለት ይቻላል፤ በብዙ አገር ኦፊሴላዊው ካርታ በገንዘብ የሚሸጥ ነው። እንግዲህ አፕ ሲመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ይህ አፕ የኖአን ካርታ እንዳለ ያሳየኛል ወይስ ኩባንያው አሽቶ የሠራውን? ሁለቱም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን የትኛውን እያዩ እንደሆነ ማወቅ አለብዎ።

አኳ ማፕ የኖአን ካርታ መሠረት አድርጎ የሚሠራ ነው። ተጨማሪ ሲከፍሉ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በመተላለፊያዎች ላይ የሚያደርጉትን የጥልቀት ልኬት ይደርብበታል። ከቨርጂኒያ እስከ ፍሎሪዳ ባለው የውስጥ የውኃ መንገድ የሚጓዙ ሰዎች የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ አሸዋው ቦታውን ይቀያይራል፣ ካርታውም ቶሎ ያረጃል። ናቪዮኒክስ ሌላ ዓይነት ነው። በ1984 ጣሊያን ውስጥ ተቋቁሞ በ2017 የጋርሚን ንብረት ሆነ። ከመንግሥታት ያገኘውን ካርታ ወስዶ በራሱ መልክ ያዘጋጀዋል። በላዩ ላይ ተጠቃሚዎች በጀልባቸው ጥልቀት መለኪያ የቀዱትን ቁጥር ሰብስቦ ሌላ ካርታ ይሠራል። ሲማፕም የዚሁ ዓይነት ተፎካካሪ ነው። በ2021 ብራንስዊክ የተባለው የጀልባና የሞተር ኩባንያ ባለቤቱን ናቪኮን ሲገዛ አብሮ ተገዛ።

ከተጠቃሚዎች የሚሰበሰበው ጥልቀት ትልቅ ጥቅም አለው። መንግሥት የማይደርስባቸው ትንንሽ ወሽመጦች አሉ፤ እዚያ በየሳምንቱ የሚገቡት የአካባቢው ጀልባዎች ናቸው። ችግሩ ቁጥሩን የላከው ሰው መለኪያውን በትክክል አስተካክሎ ይሁን አይሁን አናውቅም። የአንዱ መለኪያ ጥልቀቱን ከውኃው የላይ ገጽ ይቆጥራል፣ የሌላው ከጀልባው ሥር። ኩባንያው ያጣራዋል፤ ቢሆንም ይህን ንብርብር ብቻውን አምኖ ጠባብ ቦታ መግባት ድፍረት ነው። ከኦፊሴላዊው ጋር ጎን ለጎን ማየት ይሻላል።

ኦፊሴላዊውም ቢሆን ሁሉ ቦታ እኩል አይደለም። ኖአ ራሱ እንደሚለው ካርታዎቹ ላይ ካለው የጥልቀት መረጃ ግማሽ ያህሉ ከ1940 በፊት በተደረገ ልኬት ላይ የቆመ ነው። ያን ጊዜ በብዙ ቦታ የሚለካው ከባድ የእርሳስ ብረት በታሰረበት ገመድ ነበር። ገመዱ የነካትን ነጥብ ይነግርዎታል፤ በሁለት ነጥብ መካከል ያለች ቋጥኝ ግን ልታመልጠው ትችላለች። የታብሌቱ ጂፒኤስ ደግሞ ቦታዎን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል። አዲሱ መሣሪያ አሮጌው ልኬት ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም እኩል ትክክል ይመስላሉ። ለዚህ ሲባል ኦፊሴላዊው ኤሌክትሮኒክ ካርታ ውስጥ የጥራት ደረጃ ተመዝግቧል። ኤ1 የሚባለው ቦታ ላይ የአንድ ነጥብ አቀማመጥ በ5 ሜትር ውስጥ ይታመናል። ቢ ላይ 50 ሜትር ነው። ሲ ላይ 500 ሜትር ይደርሳል። ዲ ከዚያም ይብሳል። አፑ ይህን ደረጃ የሚያሳይ ከሆነ ለእኔ ትልቅ ነጥብ ነው። ባዶና ንጹሕ የሚመስል ውኃ አንዳንዴ ንጹሕ ሳይሆን ያልተለካ ነው።

ዙም የሚደብቀው አለት

የድሮው ካርታ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ መጀመሪያ የገባው እንደ ፎቶ ነበር። ይህ ራስተር ይባላል። ሲያጎሉት ፊደሉም ይተልቃል፣ ሲያርቁት ሁሉም አብሮ ያንሳል፤ ከሥዕሉ ግን ምንም አይጠፋም። አሁን የቀረው ቬክተር የሚባለው ነው። ይህ ሥዕል ሳይሆን የመረጃ ቋት ነው። እያንዳንዱ ምልክት፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ተቀምጦ፣ በየትኛው ዙም ላይ ይታይ የሚል ትእዛዝ ተጽፎለታል። ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጣጣው ሌላ ነው።

ይህን በቪዲዮ ጭምር ዓለም አይቶታል። ኖቬምበር 29 ቀን 2014 ቮልቮ ኦሽን ሬስ በሚባለው የዓለም ዙሪያ የሸራ ጀልባ ውድድር፣ ቲም ቬስታስ ዊንድ ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ እየበረረ ነበር። ከሞሪሽየስ በስተሰሜን ምሥራቅ ካርጋዶስ ካራጆስ የሚባል የኮራል ሪፍ (የባሕር አለት) አለ። ሪፉ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይዘልቃል፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ጀልባዋ በምሽት፣ በ19 ኖት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥ ብላ ወጣችበት። ዘጠኙም ሰዎች ተረፉ። የሰለጠኑ፣ በሙያው የተከበሩ ባሕረኞች ናቸው። መሣሪያቸው ምርጥ ነው። ካርታቸው ውስጥም ሪፉ አለ። ግን እነሱ ባዩበት ዙም ስክሪኑ ያሳያቸው 40 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ከፍታ እንጂ ከውኃ የወጣ አለት አልነበረም። ጠጋ ብለው ቢያዩት ይወጣ ነበር። በማርች 2015 የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት የካርታውን አሳሳይ ጉድለት ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አነሳው።

እንግዲህ ይህ ልዩነት በአፖች መካከል በግልጽ ይታያል። አንዱ አፕ ዙም ሲያርቁት አደገኛ ነገሮችን እስከ መጨረሻው ይይዛል፤ ሌላው ለውበት ሲል ቶሎ ይጥላቸዋል። ይህን ከማስታወቂያው ማወቅ አይቻልም። የሚያውቁትን አንድ አለት ወይም ጥልቀቱ ያነሰ ቦታ ይምረጡ። አናፖሊስ አካባቢ ከሆኑ ቶማስ ፖይንት ጥሩ ነው፤ በ1875 የተሠራው ባለ ስድስት ማዕዘን ፋኖስ ቤት (ላይትሃውስ) ውኃው መሐል ቆሟል፣ በእሱና በየብሱ መካከል ያለው ውኃ ስስ ነው። ከዚያ ቀስ እያሉ ዙሙን ያርቁ። ምልክቱ የሚጠፋው ስንት ደረጃ ላይ ነው? ሁለት አፕ ጎን ለጎን አድርገው ቢሞክሩት ከብዙ ግምገማ ንባብ የበለጠ ይማራሉ። ጉዞ ሲያቅዱም መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቅርብ ዙም እያዩ መሄድ ነው። አሰልቺ ነው። ሌላ መንገድ ግን የለም።

መለኪያውንም ይዩ። አፑ ሜትር፣ ጫማና ፋተም ያሳያል፤ አንድ ፋተም ስድስት ጫማ ነው። ስክሪኑ ላይ 6 የሚል ቁጥር ቢያዩ፣ በሜትር ከሆነ ተንሸራሽረው ያልፋሉ፤ በጫማ ከሆነ አምስት ጫማ ለሚወርድ ጀልባ ከሥር የቀረው አንድ ጫማ ነው። አፕዴት ከተደረገ በኋላ ሴቲንጉ ራሱን መልሶ እንደሆነ ማየት አይከፋም። ያ ቁጥር የሚቆጠረው ደግሞ ባሕሩ ሲጎድል ከሚደርስበት አማካይ ዝቅተኛ ከፍታ ነው። ነፋስ ውኃውን ገፍቶ ሲያወጣው ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ቼሳፒክ ላይ ጠንካራ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ይህ የተለመደ ነው።

አውቶማቲክ መንገድ

ናቪዮኒክስም ሌሎቹም ከዚህ እዚያ ውሰደኝ ሲሏቸው መስመር ያሰምራሉ። ሳቪ ናቪ የሚባለው የእንግሊዝ አፕ ነፋሱንና የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ጭምር አስልቶ ነው የሚያሰምረው፤ የኖርዌዩ ኦርካም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ለጀማሪ ደስ ይላል። እኔ እንደ መነሻ ሐሳብ እወስደዋለሁ እንጂ መሪው አልሰጠውም። ኬንት ናሮውስ የሚባለውን ጠባብ መተላለፊያ ተመልከቱ። ከአናፖሊስ በስተምሥራቅ ነው፤ ከመንገዱ ብዙ ይቆርጣል። እዚያ ሁለት ድልድይ አለ። አንደኛው ከፍታው 65 ጫማ ነው። ሁለተኛው የሚከፈት ድልድይ ሲሆን ሲዘጋ ከሥሩ 18 ጫማ ብቻ ነው ያለው። የሸራ ጀልባ ምሰሶ 50 ጫማ ቢሆን፣ ድልድዩ በራሱ ሰዓት እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ነው። አፑ ውስጥ የምሰሶዎን ቁመት ካላስገቡ መስመሩ ሽው ብሎ ያልፍልዎታል። የጀልባውን ጥልቀትና ቁመት፣ በዚያ ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሮ ማስገባት አፑን እንደጫኑ የሚደረግ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የትኛውም አፕ የማያሳየው ነገርም አለ። ቼሳፒክ በበጋ በክራብ ወጥመድ ይሞላል። ከእያንዳንዱ ወጥመድ በላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ኳስ አለች፤ ገመዷ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ የዚያ ቀን ሽርሽር አበቃ። እሷን የሚያይ ዓይን ብቻ ነው። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው አያያትም።

ስለ ታብሌቱም ትንሽ

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሸወደው አይፓድ ሲገዛ ነው። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ውስጡ ጂፒኤስ የለውም። ቦታውን የሚገምተው በአካባቢው ካሉ የዋይፋይ ምልክቶች ነው፤ ባሕር መሐል ደግሞ ዋይፋይ የለም። ሲም ካርድ የሚወስደውን ሞዴል መግዛት ያስፈልጋል። ሲም ባያስገቡበትም፣ ወርኃዊ ባይከፍሉም ጂፒኤሱ ይሠራል። ዋይፋዩን ከገዙ ቆይተው ከሆነ አዲስ አይፓድ ከመግዛት በብሉቱዝ የሚገናኝ የጂፒኤስ መቀበያ መጨመር ይረክሳል። ጀልባዋ ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ ካላት ደግሞ የራሷን ጂፒኤስ፣ ነፋስና ጥልቀት ወደ ታብሌቱ መላክ ይቻላል።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። አፕል አይፓዱ የሚሠራው እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ነው ይላል። ጁላይ ላይ ፀሐይ ላይ ከተውት ስክሪኑ ጠቁሮ "ይቀዝቅዝ" የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይቀራል። ውኃ የማያስገባው ቦርሳ ደግሞ ሙቀቱን ያፍነዋል። ስክሪኑ ሲረጥብ ጣት የነካው እየመሰለው ካርታውን በራሱ ያንሸራትታል። ስለዚህ ያው ካርታ የተጫነበት ስልክ ጥላ ውስጥ መቀመጥ አለበት። አንድ አካውንት በሁለት መሣሪያ መክፈት በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ግን ካርታውን በእያንዳንዱ ላይ ለብቻው ዳውንሎድ ማድረግ ነው።

አንድሮይድ ላላቸው ኦፕን ሲፒኤን አለ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የኖአን ነጻ ካርታ እንዳለ ያነባል። ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። መልኩ የኢንጂነር ሥራ ነው፤ ለዓይን አይማርክም። ለሚታገሰው ሰው ግን ብዙ የሚከፈልበት አፕ የማያደርገውን ያደርጋል። ለአይፓድ አልተሠራም።

ጂፒኤስ ሲዋሽ

እስካሁን የተናገርነው ጂፒኤሱ ትክክል ነው ብለን ነው። በሜሪላንድ በአብዛኛው ትክክል ነው። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በ2023 የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ስልካቸው ቤይሩት ናችሁ ሲላቸው አይተዋል። ከሃይፋ የሚወጡ መርከቦችም ካርታ ላይ ቤይሩት አየር ማረፊያ ሲታዩ ነበር። ሜይ 2025 ላይ ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አቅራቢያ ቀይ ባሕር ላይ መሬት ነክታ ስትቆም፣ የመርከብ እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ኩባንያዎች ነገሩን ከጂፒኤስ መታወክ ጋር አያይዘውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "እኔ ሦስት መሣሪያ አለኝ" ይላል። ሦስቱም የሚሰሙት ያንኑ ሳተላይት ነው። ሦስቱ አብረው ሲዋሹ እርስ በርስ ይስማማሉ። ከጂፒኤስ ውጭ የሆነው ምስክር ኮምፓስ፣ ጥልቀት መለኪያና ዓይን ነው። ካርታው 30 ጫማ እያለ መለኪያው 12 ካሳየ፣ መለኪያውን አምኖ ማቆም ነው። እስራኤል ወይም ቆጵሮስ ዳርቻ ለሚቀዝፍ ሰው፣ የእኔ ምርጫ ቦታውን በእጅ ማስገባትና ወደ ፋኖስ ቤት አቅጣጫ መስመር መሳል የሚያስችል አፕ ነው። ፋሽን አይደለም። ግን ያን ቀን የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የወረቀት ካርታ ለሚናፍቅም ሰው በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ኖአ የሚፈልጉትን ቦታ፣ ስፋትና የወረቀት መጠን መርጠው ከኤሌክትሮኒኩ ካርታ በነጻ ፒዲኤፍ የሚያወጡበት አገልግሎት አለው። ትልቅ ወረቀት የሚያትም ቤት ወስዶ ማሳተም ይቻላል። የድሮው ውበት የለውም፣ አንዳንድ ቦታ ጽሑፉ ይደራረባል፤ ባትሪ ግን አይጨርስም።

እኔ ለቼሳፒክ ብመርጥ፣ አይፓዱ ላይ አኳ ማፕን ዋና አድርጌ፣ ናቪዮኒክስን ለትንንሾቹ ወሽመጦች ሁለተኛ አደርጋለሁ። ሁለቱም ዓመታዊ ክፍያቸው ከአንድ ታንክ ነዳጅ ጋር ሲነጻጸር የሚያስለቅስ አይደለም። ሜዲትራኒያን ብሆን የኖአ ነጻ ካርታ ስለማይደርስልኝ ናቪዮኒክስና ሲማፕን አወዳድሬ አንዱን እገዛለሁ። ከመክፈልዎ በፊት ግን ብዙዎቹ የሙከራ ጊዜ ይሰጣሉ። ጀልባዋ ታስራ እያለች የሚሄዱበትን ቦታ ሁሉ ዳውንሎድ ያድርጉ። ከዚያ ታብሌቱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፣ አፑን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ጂፒኤሱ ይሠራል? ካርታው በቅርብ ዙም ሙሉ ሆኖ ይመጣል ወይስ ግማሹ ነጭ ይሆናል? የካርታውን ቀን የት ያገኙታል? ይህን ከመለሱ በኋላ ካልወደዱት፣ የሙከራው ጊዜ ከማለቁ በፊት ሰብስክሪፕሽኑን ይሰርዙ፤ አፑን ከታብሌቱ ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን አያቆመውም።